ሉዊ ቪየርንን ለማስታወስ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

በመጪው ስብሰባችን በፓሪስ የኖትርዳም ካቴድራል የኦርጋን ተጫዋች የነበሩትን ሉዊ ቪየርንን እንድናስብ ስለተወሰነ፣ ስለ ሕይወታቸው ጥቂት አስቀድሜ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቪየርን በ1870 ፈረንሳይ ውስጥ በፑዋቲዬ ሲወለዱ ዓይናቸው ማየት የተሳነው ነበር ለማለት ይቻላል፤ በልጅነታቸው በተደረገላቸው ቀዶ ሕክምና በመጠኑ ማየት ቢጀምሩም፣ የተማሩት በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። በ1900 ተወዳድረው የካቴድራሉ ኦርጋን ተጫዋች ከሆኑ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ለ37 ዓመታት አገልግለዋል።

በ1906 መንገድ ላይ በደረሰባቸው አደጋ እግራቸው ክፉኛ ተጎዳ፤ ኦርጋን በእጅ ብቻ ሳይሆን መርገጫዎቹን በእግር እየረገጡ የሚጫወቱት መሣሪያ በመሆኑም፣ የታወቁ ባለሙያ ከሆኑ በኋላ የእግር አጨዋወታቸውን እንደ ጀማሪ ተማሪ እንደገና መለማመድ ግድ ሆነባቸው። በእኔ አስተያየት ይህ ትዕግሥት ለኦርጋን ከደረሷቸው ስድስት ሲምፎኒዎች ባልተናነሰ ሊወሳላቸው ይገባል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ልጃቸውንና ወንድማቸውን አጡ። የካቴድራሉ ኦርጋን አርጅቶ ባስቸገረ ጊዜም በ1927 ወደ አሜሪካ ተጉዘው ለእድሳቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ ኮንሰርቶችን አቀረቡ። ሰኔ 2 ቀን 1937፣ ተማሪያቸው የነበሩት ሞሪስ ዱሩፍሌ አጠገባቸው ቆመው ሳለ፣ ኮንሰርት በማቅረብ ላይ እንዳሉ ኦርጋናቸው ላይ አረፉ።

በስብሰባው ላይ የመጀመሪያው ሲምፎኒያቸው የመጨረሻ ክፍል ስለሚደመጥ፣ ከዚያ አስቀድሞ አስተያየት ለመስጠት የምትፈልጉ አባላት ለጸሐፊው እንድታሳውቁ በአክብሮት እጠይቃለሁ።