"አንቺ ግን እንዴት ቻልሽው?" ላልሽኝ፣ ለልጄ

የኔ ማር፣ ማክሰኞ ማታ በስልክ "እማዬ አንቺ ግን እንዴት ቻልሽው?" ስትይኝ "እግዚአብሄር ረዳኝ" ብዬሽ ወሬ ቀየርኩ አይደል፣ ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እግዚአብሄርስ በእውነት ረድቶኛል፣ በማን እጅ እንደረዳኝ ግን አልነገርኩሽም። አንቺ ደሞ የሰባት ወር ልጅ ታቅፈሽ "የሜካፕ ስራዬን ልተወው ነው፣ ቀረጻና ልጅ አብረው አይሄዱም" ስትይ ሆዴ ተላወሰ፣ ልክ እንደዛ ብዬ እኔም አንድ ሰሞን አልቅሻለሁና። በቴሌግራም ነው የምልክልሽ፣ ረዘመ ብለሽ እንዳትተይው፣ ልጁ ሲተኛልሽ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ሰው 40 አመት መድረክ ላይ ቆየች ይለኛል። እውነት ነው፣ በ1974 በ20 አመቴ ገባሁ፣ በ2014 60 ሞልቶኝ ጡረታ ወጣሁ፣ እስካሁንም የአያት ካራክተር ሲመጣ ይጠሩኛል። ኢንተርቪው በተደረግኩ ቁጥር ጋዜጠኞቹ "ትዳርና ሙያን እንዴት አጣጣምሽ?" ሳይሉኝ አይለቁኝም፣ አብረውኝ ያረጁትን ወንዶች ግን ይሄን ሲጠይቋቸው አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም፣ እነሱም እኮ ልጆች አሏቸው። እኔም የለመድኩትን እመልሳለሁ፣ ባለቤቴ ደጋፊዬ ነበር፣ ቤተሰቤ ተረዳኝ እላለሁ። ውሸት አይደለም፣ ግን ዋናው ሰው እዛ ውስጥ የለም።

እኔ ስገባ እኮ በሩ ተከፍቶ ነው የጠበቀኝ፣ ይሄን እወቂልኝ። ሀገር ፍቅር በ1927 ተቋቁሞ ሰው ቴአትር ማየት በለመደበት ዘመን ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ስለነበር ወንዶቹ ቀሚስ ለብሰው ሻሽ አስረው ነበር ሴት የሚሆኑት። ከዛ እነ ሰላማዊት ገብረስላሴ እነ አስናቀች ወርቁ ናቸው ስድቡን ችለው የወጡት። በ1948 ለጃንሆይ ዘውድ 25ኛ አመት ቀዳማዊ ሀይለስላሴ ቴአትር፣ አሁን ብሄራዊ የምንለው ማለት ነው፣ ሲከፈት ለነሱ ትልቅ መድረክ ተገኘ፣ ሰፈር ሲገቡ ግን ያው "አዝማሪ" ነበሩ። አስናቀች መስከረም 2004 ላይ ስታርፍ ቀኑን ሙሉ ሳለቅስ አይተሽ ግራ ገብቶሽ ነበር። የማለቅሰው ለዛ ነበር። እኔ ስቀጠር እንኳን አባቴ ስድስት ወር አላናገረኝም፣ እሷ በሷ ጊዜ ምን እንደሰማች አስቢው።

አንቺ በ1979 ተወለድሽ። ወደ መድረክ ስመለስ ገና ትጠቢ ነበር። ጠዋት ከ3 ሰአት ጀምሮ ጥናት አለ፣ በስራ ቀን 11 ሰአት ተኩል ላይ ትርኢት አለ፣ ቅዳሜና እሁድ 8 ሰአት አንድ 11 ሰአት ተኩል ላይ ደሞ ሌላ፣ በአል ሲሆንማ ይብሳል፣ ሰው ዶሮውን በልቶ ልጆቹን አልብሶ ወደ ቴአትር ሲመጣ እኛ ቤታችንን ጥለን እሱን ለመቀበል ነው የምንሮጠው። ስንት ፋሲካ ሽንኩርት ከትፌ በሳሙና ብፈትገው በሎሚ ባሸው ሽታው አልለቅ ባለ እጄ የንግስት ጓንት አጥልቄ ወጥቻለሁ። አለቀ ሲባል ደሞ ሜካፑን በቫዝሊን ጠርጎ፣ ልብስ ቀይሮ፣ አውቶቡስ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ያን ጊዜ ሰአት እላፊ አለ፣ ቤት ስደርስ አንቺ ተኝተሻል።

አንድ ቀን፣ ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ሁለተኛው ገቢር ላይ ነኝ፣ አዳራሹ ጢም ብሏል፣ ከኋላ ወንበር አካባቢ የሆነች ህፃን ማልቀስ ጀመረች። ቃለ ተውኔቴን እየተናገርኩ ነው፣ አፌ አልተሳሳተም፣ ጡቴ ግን አጋተና መፍሰስ ጀመረ። ውስጥ ጨርቅ አጣጥፌ ነበር፣ አልቻለውም። ቀሚሱ ነጣ ያለ ሰማያዊ ነው፣ እርጥበቱ ከደረቴ ወደ ሆዴ ሲወርድ ይታወቀኛል፣ መብራቱ ፊት ለፊቴ ነው። አብሮኝ የሚጫወተው ሰው አየና ምንም ሳይል፣ በጥናት ያልነበረ ነገር፣ ጠጋ ብሎ ነጠላዬን ከትከሻዬ አንስቶ ደረቴ ላይ አጣፋልኝ፣ ተመልካቹ የፍቅር መስሎት አጨበጨበ። መጋረጃ ሲዘጋ አልባሳት ክፍል ገብቼ ቀሚሱን እየጨመቅኩ አለቀስኩ፣ ያቺ የምታለቅሰው ልጅ እናቷ ጉያ ውስጥ ናት፣ የኔዋ የት ናት ብዬ።

የኔዋ እቴቴ ጀርባ ላይ ነበረች።

እና ልነግርሽ የፈለኩት ስለሷ ነው። እቴቴን አንቺ እንደ ታላቅ እህትሽ ነው የምታውቂያት፣ እኔም እንደዛ እንድታውቂያት ነው ያሳደግኩሽ፣ ግን እንዴት እንደመጣች በደንብ አልነገርኩሽም። የ77ቱ ድርቅ ቤታቸውን በትኖት ከሀይቅ አካባቢ ከአክስቷ ጋር አዲስ አበባ የገባች ልጅ ናት፣ አንቺ በተወለድሽ አመት እኛ ቤት ስትመጣ 13 አመቷ ነበር። 13! አንቺ በ13 አመትሽ ቁርስሽን ራስሽ አትቆርሺም ነበር። እሷ አንቺን አዝላ እንጀራ ትጋግር ነበር። ልጅን ለልጅ ነው ትቼ የምወጣው፣ ያኔ ሁሉም ሰው እንደዛ ስለነበር ነውሩ አልታየኝም። ወይም እንዳይታየኝ አድርጌዋለሁ፣ እሱን ራሴም አላውቀውም።

ሬዲዮ ድራማ መስራት የጀመርኩ ሰሞን፣ ሁለት አመት አልሞላሽም፣ ድምፄ በሬዲዮ ሲመጣ ሬዲዮኑን ታቅፊው ነበር አለችኝ። አንድ እሁድ ጠዋት ከዳቦሽ ቆርሰሽ "እማ እንኪ" እያልሽ ድምፅ የሚወጣበት ወንፊት ላይ ለጠፍሽው። እቴቴ ፍርፋሪውን ለሳምንት ያህል ሳትጠርገው ቆይታ አሳየችኝ፣ "ላንቺ የቆረሰችው ነው" ብላ። እኔ ቀረጻ ደክሞኝ ነው የመጣሁት፣ ሬዲዮኑ ቆሸሸ ብዬ ተቆጣኋት። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሌላውን የነገረችኝ ደሞ በ1998 ሰርጓ ላይ ነው፣ እኔ እናቷ ሆኜ ልድራት ኮምቦልቻ የሄድኩ ጊዜ። ማታ እግሯን እንሶስላ እየቀባኋት "እትዬ አንድ የደበኩሽ ነገር አለ" አለችኝ። አንቺ የመጀመሪያ እርምጃሽን የሄድሽው አርብ ከሰአት ነው፣ ከአልጋው እግር ተነስተሽ እስከ ምጣዱ ድረስ አራት እርምጃ። እኔ አልነበርኩም። እቴቴ ለኔም ለአባትሽም ሳትናገር ሁለት ቀን ዋጥ አደረገችው፣ ባየሁሽ ሰአት ሁሉ ስታዝልሽ እንደነበር አሁን ትዝ ይለኛል፣ እሁድ ጠዋት እኔ ቤት እያለሁ አወረደችሽና ወዲያ ማዶ ተቀምጣ "ነይ ነይ ነይ" አለችሽ። ሄድሽ። እኔ እልል አልኩ፣ ጎረቤት ጠራሁ፣ ልጄ ዛሬ ሄደች አልኩ፣ እሷም አብራኝ እልል አለች። 13 አመቷ እኮ ነው የኔ ልጅ። ማን አስተማራት? ለ18 አመት ያቺን እሁድ የመጀመሪያሽ ናት እያልኩ ኖርኩ፣ ኢንተርቪው ላይ ሁሉ ተናግሬዋለሁ።

እና እኔ ለሷ ምን አደረግኩላት፣ እዚህ ጋ ነው አንገቴን የምደፋው። ማታ ትምህርት አስመዝግቤያት ነበር፣ ትምህርት ሰአቱ ደሞ ልክ እኔ መድረክ ላይ የምሆንበት ሰአት ነው። ትርኢት ባለ ቀን ትቀራለች፣ አዲስ ቴአትር ሊወጣ ጥናት ሲጠብቅ ሳምንቱን ሙሉ ትቀራለች፣ ክፍለ ሀገር ስንወጣማ፣ ድሬዳዋ ሀረር ደሴ እያልን ወር ሁለት ወር ስንዞር በቃ ተረሳ። ስድስተኛ ክፍልን ሁለቴ ጀምራ ሁለቴ አቋረጠች። ደብተሯን የምጣድ ክዳን ስር ትደብቀው ነበር፣ እኔ እንዳልሳቀቅ ይመስለኛል። እኔ አጨብጭበውልኝ አበባ ታቅፌ ስገባ እሷ ኩራዝ የምታክል አምፖል ስር አንቺን ጭኗ ላይ አስተኝታ ማባዛት ታጠናለች። አይቻለሁ። አይቼ እራቴን በልቼ ተኝቻለሁ።

አባትሽም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የድርሻውን ችሏል፣ "ሚስትህን ሰው አቅፏት አየናት" እያሉ በየጠላ ቤቱ ሲነክሱት ቤት አምጥቶ አልነገረኝም፣ የተማሪዎቹን ደብተር እያረመ በእግሩ እየወዘወዘ ያስተኛሽ ነበር። ግን የኔ ሙያ ያረፈው እቴቴ ጀርባ ላይ ነው።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ስራሽን አትተይ። እናት ልጇ ጋ ትዋል የሚሉሽ ሰዎች መጥፎ ሰዎች አይደሉም፣ ግን አንቺ ብሩሽ ስትይዢ ፊትሽ እንዴት እንደሚሆን አላዩም፣ እኔ አይቻለሁ። ሜካፕ ክፍል መስታወት ስር ያደግሽ ልጅ ነሽ፣ በአምስት አመትሽ የሽማግሌ መጨማደድ የት የት እንደሚሰመር ታሳዪኝ ነበር። የዛሬ ቀረጻ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሌሊት 11 ሰአት ሎኬሽን ግቢ ትባያለሽ፣ ሜካፕ ቀድሞ ገብቶ ከሁሉም በኋላ ነው የሚወጣው፣ ክፍያው ደሞ በቀን ነው፣ ካልሰራሽ የለም። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደሞዝ ይላል፣ በቀን ተከፋይ ለሆነች ልጅ ግን ወረቀት ላይ ነው ያለው። የመንግስት መስሪያ ቤት የህፃናት ማቆያ ይኑረው ተብሎ በ2010 በወጣው የመንግስት ሰራተኞች አዋጅ ላይ ተፅፎ ነበር፣ ሎኬሽን ላይ ግን ጡት የምታጠቢበት ጥግ እንኳን የለም፣ መኪና ውስጥ ነው። ይሄን ዝም ብለሽ አትቻይው። ሳትፈርሚ በፊት ለፕሮዳክሽን ማናጀሩ ንገሪው፣ ማጥቢያ ሰአት ኮንትራቱ ላይ ይግባ በይ፣ ተዋናዮቹ ውስጥም እናቶች አሉ፣ አብራችሁ ተናገሩ። እኛ ለየብቻ ስለምናለቅስ ነው ማንም ሳይሰማን የቀረው።

ልጁን እንድትይዝልሽ ያመጣሻት ልጅ ስንት አመቷ ነው? ስልክ ላይ 18 አልሽኝ፣ ማታ ስምንተኛ ክፍል ትማራለች አልሽኝ። እኔ ልለምንሽ የምፈልገው ይሄንን ነው፣ የቀረጻ ስኬጁል ሲደርስሽ መጀመሪያ የሷን የትምህርት ሰአት ፃፊበት፣ ከዛ ያንቺን። ሁለቱ ሲጋጩ እሷ እንዳትቀር፣ እኔን ጥሪኝ። ጉልበቴ ደረጃ መውጣት ያስቸግረዋል እንጂ ህፃን መያዝ አያቅተውም። ሰኞ ረቡዕ አርብ ከሰአት ከ10 ሰአት ጀምሮ እኔ አለሁ፣ ለሬዲዮዎቹም ነግሬያቸዋለሁ ቀረጻዬ ጠዋት ይሁን ብዬ፣ እሺ ብለውኛል። ሌሊት 11 ሰአት የምትወጪ ቀን ደሞ ማታውኑ መጥቼ አድራለሁ፣ ፍራሹን ሳሎን ዘርጊልኝ፣ አልጋችሁን አልፈልግም።

ለሰኞ ምስር ወጥ ይዤ እመጣለሁ፣ እንጀራ አትግዢ። ለልጅቷ ደብተርና እስክሪብቶ ገዝቼላታለሁ፣ ራሴ ነው የምሰጣት።

ለእቴቴም ትናንት ደውዬ ይሄን ሁሉ ነገርኳት፣ ሬዲዮኑን ጭምር። ዝም አለች፣ ከዛ "እትዬ፣ ዳቦውን እኮ እኔ ነኝ የበላሁት፣ ሊሻግት ሲል" አለችኝና ሁለታችንም አለቀስን። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ትደውልልሻለች፣ ቪዲዮ ይሁን ብላለች፣ ልጁን ማየት ትፈልጋለች። ቁጥሯን ቀይራለች፣ የማታውቂው ስልክ ነው ብለሽ እንዳትዘጊባት።

እናትሽ