መጥረጊያው ሲጠፋ የት ነው የሚቆመው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ መርካቶ አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ ጎማና ስለ ፍሬን ብዙ ይጻፋል። ተገቢ ነው። ስለ ዝናብ መጥረጊያ ግን እምብዛም አይነሳም። ቢነሳም "ይሠራል ወይስ አይሠራም" በሚለው ያበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ የሚሠራው ነው። ይጠርጋል፣ ውሃውን ያወርዳል። ሲያጠፉት ግን ታች ወርዶ መተኛት ሲገባው መስታወቱ መሃል ላይ ይቆማል።

እንዲህ ያለ መኪና እዚህ ከተማ ብዙ አለ። ሚኒባስ አለ፣ አይሱዙ አለ፣ የቤት መኪናም አለ። ሹፌሩ ለምዶታል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይነዳል። መጥረጊያው ግን የቆመው ልክ ዓይኑ ፊት ነው። ከጀርባው ባጃጅ ሊገባ ይችላል፣ ተማሪ ሊሻገር ይችላል። ተማሪ ሲለቀቅ በፈረንጅ አራዳ መኪና የነዳ ሰው የምለው ይገባዋል።

የጅማ ዝናብ ደግሞ ሰኔን አይጠብቅም። ከመጋቢት ጀምሮ ይመጣል፣ ይሄዳል። ወደ አጋሮ የሚሄድ ሰው አንዱ ዳገት ላይ ዶፍ ይወርድበታል፤ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ፀሐይ ነው። ወደ አዲስ አበባም እንዲሁ ነው። ሰኮሩ ላይ ዝናብና ጭጋግ፣ ጊቤ በረሃ ሲወርዱ ሙቀት። ስለዚህ እኛ ጋ መጥረጊያ በአንድ መንገድ ላይ ደጋግሞ ይበራል፣ ይጠፋል። በጠፋ ቁጥር የት እንደሚቆም ትልቅ ነገር ነው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። ማብሪያውን ሲያጠፉት የመጥረጊያው ሞተር ወዲያው አይቆምም። የሞተሩ ጥርሶች (ማርሾች) ባሉበት ቤት ውስጥ የመዳብ ኮንታክት ያለው ክብ ሳህን አለ። መጥረጊያው ታች እስኪደርስ ድረስ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው እሱ ነው። ታች ሲደርስ መስመሩን ይቆርጣል፤ ሞተሩንም እንዳያልፍ እዚያው ቀጥ ያደርገዋል። ሜሪ አንደርሰን የተባለችው አሜሪካዊት በ1903 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘችበት መጥረጊያ ከመኪናው ውስጥ ሆነው በእጅ የሚያንቀሳቅሱት ነበር። ዛሬ የእጁን ሥራ ሞተር ወስዶታል። ወደ ማረፊያው የሚመልሰው ግን ይህ ትንሽ ሳህን ነው።

ለዚህ ነው "ሞተሩን ቀይር" ከማለት በፊት ማየት የሚያስፈልገው። ባለፈው ክረምት አንድ አዛውንት ሹፌር ቡና የሚጭን አይሱዙ ይዘው መጡ። "ልጄ፣ ሞተሩ ሞቷል፣ ሌላ ግዛ ብለውኛል" አሉኝ። "ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ ያብሩትና ያጥፉት" አልኳቸው። አበሩ፣ አጠፉ፤ ደጋገሙት። መጥረጊያው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚቆመው፣ መስታወቱ እኩሌታ ላይ። "መስታወት አስቀይረው ነበር?" ስላቸው ገረማቸው። ድንጋይ ተፈናጥሮ ሰንጥቆባቸው በቅርቡ አስቀይረዋል። መስታወት ሲቀየር የመጥረጊያው ክንዶች፣ ላስቲኩን የሚይዙት ብረቶች፣ ይወልቃሉ። የቀየረው ሰው ሲመልሳቸው በግምት ገጥሟቸዋል። ሞተሩ ጤነኛ ነበር። ክንዶቹን አውልቄ በቦታቸው ገጠምኩላቸው፣ ሄዱ።

ሁልጊዜ አንድ የተሳሳተ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ሞተሩን አትጠርጥሩ። ነገሩ ብዙ ጊዜ የክንዱ አገጣጠም ነው። ባጠፉበት ቦታ ድርቅ ብሎ የሚቀር ከሆነ፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ፣ ያኔ ሳህኑንና ኮንታክቱን ወይም ወደሱ የሚሄደውን ሽቦ እናያለን። ግሪሱ ደርቆ ኮንታክቱን ሸፍኖት የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ተከፍቶ ይጸዳል። አንዱ ክንድ በቦታው ተኝቶ ሌላው ብቻ ከቀረ የዚያ ክንድ ጥርስ፣ ማለትም ከሚያዞረው ዘንግ ጋር የሚነክስበት፣ ተበልቷል፣ ወይም ሞተሩን ከክንዶቹ ጋር የሚያያይዙት ከሥር ያሉት ማገናኛ ብረቶች ቦኮላቸው (መጋጠሚያቸው ላይ ያለው ማቀፊያ) አልቋል። መጥረጊያው እየጠረገ መኪናውን በቁልፉ ያጠፋ ሰው ግን ክንዱ መሃል ቢቀርበት ብልሽት አይደለም። ኤሌክትሪኩን ራሱ ቆርጦበታል። መጀመሪያ መጥረጊያውን፣ ቀጥሎ መኪናውን ማጥፋት ነው።

የክንዱን አገጣጠም ማንም ጠንቃቃ ሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ ሊያስተካክለው ይችላል። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። መጀመሪያ መጥረጊያውን አብርቶ በማብሪያው ማጥፋት። በመኪናው ቁልፍ አይደለም። ሞተሩ የራሱን ማረፊያ የሚያገኘው እንዲህ ነው። ይህን የዘለለ ሰው የቀረውን ሁሉ አሳምሮ ቢሠራ ዋጋ የለውም። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ ማውጣት። ኮፈን ከፍቶ እጁን ወደ ማገናኛ ብረቶቹ የሚያስገባ ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭም ይፍታ። እነዚያ ብረቶች ድንገት ከተነሱ ለጣት አይመለሱም። መስታወቱ ላይ ወፍራም ፎጣ ማንጠፍ ያስፈልጋል። ክንዱን የሚስበው ስፕሪንግ ነው፤ ላስቲኩ በሌለበት ተመልሶ ከመታው መስታወቱን ይሰነጥቀዋል።

ክንዱ ሥር ላይ የፕላስቲክ ክዳን አለ፣ ከክዳኑ ሥር ዳዶ አለ። እንደ መኪናው ብዙ ጊዜ በ12፣ በ13 ወይም በ14 ቁልፍ ይፈታል። ዳዶው ወጥቶም ክንዱ አይመጣም። ጥርሱ ላይ ነክሶ ይይዛል፤ የኛ ቀይ ጭቃና እርጥበት አጣብቆታል። በካቻቢቴ መስታወቱን ተደግፈው የሚፈነቅሉት እዚህ ላይ ነው። ስንት ደህና መስታወት በዚህ ተሰብሯል! የዝገት ማላቀቂያ ረጭቶ ትንሽ መታገሥ፣ ከዚያ ክንዱን ግራና ቀኝ ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ። እምቢ ካለ በትንሽ መንቀያ ማውጣት። ሲወጣ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት። ከዚያ ክንዱን መስታወቱ ታች ጠርዝ ላይ አስተኝቶ መግጠም። አንዳንድ መስታወት ላይ የፋብሪካ ምልክት አለ፤ ካለ እሱን መከተል ነው።

ዳዶው ይጥበቅ፣ ግን በልኩ። የብዙ ክንድ ሥር አሉሚኒየም ነው፣ ለስላሳ ነው። በመጨረሻ መስታወቱ ላይ ውሃ አፍስሶ በቀስታውም በፈጣኑም መሞከር። ክንዱ አንድ ጥርስ ከፍ ብሎ ከተገጠመ ላይ ሲደርስ የመስታወቱን ጎን ብረት ሊመታ ይችላል። ዝቅ ካለ ደግሞ ታች ያለውን ፕላስቲክ ይደበድባል። በደረቅ መስታወት አትሞክሩት፤ ላስቲኩም መስታወቱም ይጎዳል።

አንድ ልማድ ግን ቢቀር ደስ ይለኛል። መጥረጊያው መሃል ሲቆም ረዳቱ ዘሎ ይወርድና በእጁ ወደ ታች ይጫነዋል። ላቫጆ ላይም ሲያጥቡ በጉልበት የሚገፉት አሉ። የሞተሩ ጥርስ ጠመዝማዛ ነው። ሞተሩ ክንዱን ይገፋል እንጂ ክንዱ ሞተሩን ወደ ኋላ አያዞርም። ስለዚህ የእጁን ጉልበት የሚቀበለው የክንዱ ጥርስ ነው፤ ይላጫል። ከተላጨ በኋላ ዳዶውን የፈለጉትን ያህል ቢያጠብቁት ዶፍ ሲመጣ ይንሸራተታል። መሃሉ ቆርቆሮ ይወትፉበታል። ለሊት ሰኮሩ ላይ ዝናብ ሲወርድ ያ ቆርቆሮ አያስተማምንም። ክንዱ መቀየር አለበት።

መሪያቸው የዞረ መኪኖችም አሉ። አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የምትነዳው በቀኝ በኩል ነው፤ መሪው በግራ ነው ማለት ነው። ቀኝ መሪ ሆኖ የተሠራ መኪና መሪው ወደ ግራ ሲዞር መጥረጊያው አብሮ ካልዞረ፣ አጥርቶ የሚጠርገው የተሳፋሪውን በኩል ነው። ሹፌሩ ፊት ያለው ጥግ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ያንን ለማካካስ ክንዱን ከፍ አድርገው የሚገጥሙ አሉ። ጥጉም አይጠረግም፣ መጥረጊያውም መሃል ይቆማል። መፍትሔው የግራ መሪውን ማገናኛ ብረት ፈልጎ መግጠም ነው። ወጪ አለው፣ አውቃለሁ።

የባጃጅ ልጆችም ይህን ብታነቡ ደስ ይለኛል። ያላችሁ አንድ መጥረጊያ ነው። እሱ ፊታችሁ ላይ ከቆመ የምታዩበት ሌላ ቦታ ብዙ የለም።

ይህን የጻፍኩት አንድ ጥያቄ ስላለኝም ነው። ለቦሎ ምርመራ የቀረበ መኪና መጥረጊያው ሲታይ "አብራው" ይባላል። ተንቀሳቀሰ፣ አለፈ። የሚመለከተው አካል ሦስት ነገር ቢጨምርልን እለምናለሁ። መስታወቱ ላይ ውሃ ይፍሰስ። በሁለቱም ፍጥነት ይሞከር። ከዚያ "አጥፋው" ይባልና የት እንደቆመ ይታይ። ሹፌሩ ዓይን ፊት የቆመ ከሆነ አስተካክሎ ይመለስ። መስታወት የምትቀይሩ ወንድሞቼም መኪናውን ከማስረከባችሁ በፊት ይኸንኑ አድርጉ። አዲስ ዕቃ አይጠይቅም፤ አንድ ጀሪካን ውሃና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ
ጅማ