ፎርማት ከተደረገው ካርድ ላይ የሠርጉ ፎቶዎች እንዲመለሱ ለረዳችሁ ሁሉ

የምስጋና መልእክት

የሠርጉ ፎቶና ቪዲዮ ተመልሷል። ሙሽሮቹ፣ ወላጆቻቸውና ሥራውን የሠራነው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ይህን ምስጋና በአንድ ላይ ስናቀርብ ደስታችን ወሰን የለውም። ከጠዋቱ የሙሽራዋ ቤት ፎቶዎች ከፊሎቹ በስተቀር የቤተ ክርስቲያኑ ሥነ ሥርዓት፣ የአዳራሹ ዝግጅት፣ ኬክ ቆረሳውና የሽማግሌዎቹ ምርቃት ሁሉም ተገኝቷል። ለሶፍትዌር አንድ ብር አልወጣም።

ላልሰማችሁ፣ ሠርጉ የተነሣበት 64 ጊጋ ባይት ኤስዲ ካርድ ወደ ኮምፒውተር ሳይገለበጥ ለመልሱ ቀን ካሜራው ውስጥ እንዳለ ፎርማት ተደረገ። ነገሩ የታወቀውም ጥቂት የመልስ ፎቶዎች ከተነሡበት በኋላ ነው።

ከሁሉ በፊት ልናመሰግን የሚገባን የካሜራ ባለሙያውን ወንድማችንን ነው። ነገሩን እንዳወቀ ካሜራውን አጥፍቶ ካርዱን አወጣው፤ በካርዱ ጎን ያለችውን ትንሽዬ ተንሸራታች በጥፍሩ “ሎክ” ወደሚለው በኩል ገፍቶ ቆለፈውና መልሱን በሌላ ካርድ ቀጠለ። ሠርጉን ያዳነው ይህ ነው። ካሜራ ካርድን ፎርማት ሲያደርግ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው ማውጫውን ብቻ ነው፤ የትኛው ፎቶ የት እንዳለ የሚናገረው መዝገብ ይጠፋና ቦታው ሁሉ ባዶ ተብሎ ይመዘገባል። ፎቶዎቹ ግን አዲስ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ እዚያው ናቸው። አብዛኞቹ ካሜራዎች አዲስ ፎቶ የሚጽፉት ከካርዱ መጀመሪያ አንሥተው ስለሆነ የመልሱ ፎቶዎች ያረፉት በጠዋቱ ፎቶዎች ላይ ነው። ቀረጻው በዚያው ካርድ ቀጥሎ ቢሆን ቀጥሎ የሚጠፋው የቤተ ክርስቲያኑ ነበር። በዚያ ላይ ካርዱ ከሠርጉ በፊት ንጹሕ ሆኖ ስለገባና በመካከል አንድ አንድ ፎቶ እየተመረጠ ስላልተሰረዘበት ፋይሎቹ ሳይቆራረጡ ተከታትለው ነበር የተቀመጡት። ማውጫው የጠፋበትን ፋይል መመለስ የሚቀለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ባለ 1 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን ያለ ምንም ጥያቄ ያዋሰን ጎረቤትም እጅግ እናመሰግናለን። የጠፋን ፋይል ወደዚያው ወደጠፋበት ካርድ መመለስ ማለት ገና ያልተገኘውን በተገኘው መደምሰስ ስለሆነ ሁልጊዜ ሌላ ዲስክ ያስፈልጋል። ቦታውም ሰፊ ይሁን። መጀመሪያ የካርዱን ሙሉ ቅጂ ማለትም ኢሜጅ ማውጣት፣ ከዚያ ፍለጋውን ቅጂው ላይ ማድረግ ይሻላል፤ ስለዚህ ከካርዱ መጠን ቢያንስ እጥፍ ቦታ ያዙ። ዲስኩ ፋት32 በሚባለው የፋይል ሲስተም (የፋይል አቀማመጥ ሥርዓት) የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋ ባይት በላይ የሆነ ፋይል ስለማይቀበል ቅጂው መሐል ላይ ይቆማል፤ ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት መሆን አለበት። ዊንዶውስ ላይ ዊን32 ዲስክ ኢሜጀር በነፃ ይህን ይሠራል፦ የአዲሱን ፋይል ስም ትጽፋላችሁ፣ የካርዱን ድራይቭ ትመርጣላችሁ፣ “ሪድ” የሚለውን ትጫናላችሁ። አጠገቡ ያለውን “ራይት” በስሕተት መጫን ካርዱን ይደመስሰዋልና ከመጫናችሁ በፊት ደግማችሁ እዩ። ካርዱን ስትሰኩ ዊንዶውስ “ፎርማት ላድርገው?” ብሎ ከጠየቃችሁ መልሱ “ካንስል” ነው።

ካርዱ ወይም ዲስኩ ማንበብ እያቃተው የሚንገታገት ከሆነ ግን ቅጂውን ለማውጣት በሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም) ላይ የሚሠራውን፣ አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ የጻፈውን ዲዲሬስኪው የተባለ ፕሮግራም ተጠቀሙ። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሰብስቦ ወደ ተበላሸው ክፍል የሚመለሰው በኋላ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ሃርድ ዲስክ ግን የሶፍትዌር ጉዳይ አይደለም፤ ወዲያውኑ ይነቀል።

በአካል ሳናውቀው ልባዊ ምስጋናችንን የምናቀርብለት ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ግሬኒዬ ነው። የጠፋ መረጃ የሚመልሱትን ቴስትዲስክንና ፎቶሬክን ጽፎ፣ ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ኮዱን ጭምር ለዓለም ክፍት አድርጎ ሰጥቷል። ብዙዎቹ የሚሸጡ ፕሮግራሞች ፎቶውን በነፃ አሳይተው “ሴቭ” ስትሉ ነው ገንዘብ የሚጠይቁት፤ በጭንቀት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ይከፍላል። ፎቶሬክ ማውጫውን አይጠይቅም። ካርዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያነበበ የፋይል መነሻ ምልክቶችን ይፈልጋል፤ ለምሳሌ ጄፔግ ፎቶ ሁሉ የሚጀምረው ኤፍኤፍ፣ ዲ8፣ ኤፍኤፍ በሚሉ ሦስት ባይቶች ነው።

በጥቅሉ ውስጥ ባለ መስኮቱ የፎቶሬክ ዓይነት፣ ኪውፎቶሬክ፣ አለ፤ ለጀማሪ የሚቀለው እሱ ነው። ኢሜጁን ትጨምራላችሁ፣ የሚፈለግበትን ክፍል (ፓርቲሽን) ትመርጣላችሁ። የፋይል ሲስተም ዓይነት ሲጠይቅ ኤክስት ከሚለው ሳይሆን ፋትና ኤንቲኤፍኤስ ከተዘረዘሩበት ላይ ምልክት አድርጉ። ፎርማት ለተደረገ ካርድ “ፍሪ” (ባዶ የተባለው ቦታ ብቻ) ሳይሆን “ሆል” (ሙሉው) ይሁን። “ፋይል ፎርማትስ” ውስጥ ገብታችሁ ሁሉንም አጥፉና ጄፔግን፣ የካሜራችሁን ራው (ካሜራው ሳያቀናብረው የሚያስቀምጠውን ጥሬ ፎቶ) እና ቪዲዮውን ብቻ ተዉ፤ አለዚያ በማትፈልጉት ፋይል ትጥለቀለቃላችሁ። የሚመለሱት “ሪከፕ ዲር” በሚሉ ተከታታይ ፎልደሮች ውስጥ ሲሆን የቀድሞ ስማቸው የለም። በ“ቲ” ፊደል የሚጀምሩት ከዋናው ፎቶ ውስጥ የወጡ ትንንሽ ምስሎች ስለሆኑ ፎቶው ጥራቱን ያጣ መስሏችሁ አትደንግጡ። የተነሣበት ቀንና ሰዓት ፎቶው ውስጥ ተጽፎ ስለሚገኝ ኤግዚፍቱል በሚባለው ነፃ ፕሮግራም በሰዓት ቅደም ተከተል ስም ማውጣት ይቻላል። ከላይ ሙሽራዋ በደንብ እየታየች ከወገቧ በታች ግራጫ የሆነ ፎቶ ከመጣ፣ ግራጫው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ተጽፎበታል ማለት ነው፤ የተጻፈበትን የሚመልስ ሶፍትዌር፣ የሚከፈልበትም ቢሆን፣ የለም።

ቪዲዮ አስቸጋሪ ነው። አንዳንዱ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይመጣል፤ የአንዱ ስም “ኤፍታይፕ”፣ የሌላው “ኤምዳት” በሚል ያልቃል። ብቻቸውን አይከፈቱም። በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) “ኮፒ” በሚለው ትእዛዝ ላይ “ስላሽ ቢ” ጨምራችሁ፣ ኤፍታይፑን አስቀድማችሁ ኤምዳቱን በማስከተል ስታጋጥሟቸው ይከፈታል።

ሚዜዎቹንና የሙሽራዋን እኅቶች ደግሞ በተለይ እናመሰግናለን። ከጠዋቱ ፎቶዎች ካርዱ ላይ ያልቀሩትን በከፊል የተኩት በስልክ ያነሷቸው ናቸው። ቴሌግራም ላይ ፎቶን በተለመደው መንገድ መላክ መጠኑን አሳንሶ የተነሣበትን ሰዓት ያጠፋል፤ እነሱ ግን በተነገራቸው መሠረት “ፋይል” ብለው ስለላኩ ሁሉም በሙሉ ጥራቱ ደርሶናል።

ነገሩን ሰምታችሁ ስለ ራሳችሁ ለጠየቃችሁን ሁለት ነገር እንበል። ፍላሻችሁ ላይ ፎልደሮቹ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ከሆነ ምንም አልተሰረዘም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ሾርትከቱን ሳትከፍቱ በትእዛዝ መስኮቱ “አትሪብ” በሚለው ትእዛዝ ኤች (ድብቅ)፣ ኤስ (የሲስተም) እና አር (ለንባብ ብቻ) የሚባሉትን ምልክቶች በመቀነስ ፎልደሮቹን ግለጧቸው፤ አንዳንዴ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ተከማችተው ታገኟቸዋላችሁ። ከላፕቶፕ ኤስኤስዲ (እንደ ፍላሽ በቺፕ የሚሠራ ዲስክ) የተሰረዘ ፋይል ግን ተስፋው ጠባብ ነው፤ ዊንዶውስ ትሪም በሚባለው ትእዛዝ ቦታው ነፃ መሆኑን ለዲስኩ ስለሚነግረው ዲስኩ ራሱ ያጸዳዋል። እዚያ ላይ መጀመሪያ ሪሳይክል ቢኑን፣ ቀጥሎ የቴሌግራምና የጉግል ድራይቭ ቅጂዎችን እዩ። የጉግል ድራይቭ መጣያ ለ30 ቀን ያቆያል።

ለሙሽሮቹ ቤተሰቦችም፣ “ደረሰ ወይ?” ብላችሁ ሳታጣድፉ ቅጂው እስኪያልቅ ስለታገሣችሁን እግዚአብሔር ያክብርልን። አሁን የጎደለው ሙሽራዋ ስትለብስና ከእናቷ ቤት ስትወጣ የተነሣው ነው። ያን ጠዋት እዚያ የነበራችሁ፣ ስልካችሁን ፈትሹልን፤ ያገኛችሁትን ለሚዜዎቹ በቴሌግራም በፋይል ላኩላቸው።

ሙሽሮቹ፣ ቤተሰቦቻቸውና የጥገና ባለሙያዎቹ