ስለ ኮሮላህ ዘይት ማፍሰስ

ይድረስ ለውድ ወንድሜና ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ እንደምን ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በመካከላችን የገባው ዝምታ ረዝሟል፤ ምክንያቱን ስንገናኝ እንጨዋወተዋለን። እኅትህ ለፋሲካ አዲስ አበባ መጥታ ሳለ ኮሮላህ ዘይት እንደምታንጠባጥብ፣ ያሳየኸው መካኒክም «የኋላው ፓራውሊዮ ሄዷል፤ ካምቢዮ መውረድ አለበት» እንዳለህ (ፓራውሊዮ ማለት ሞተሩ ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ በሚጋጠምበት በኩል ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው የጎማ ቀለበት ነው)፣ አንተም ተስፋ ቆርጠህ ልትሸጣት እንዳሰብህ ነገረችኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለችውን መኪና ሸጦ የሚመስላትን ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ካምቢዮውን ከማስወረድህ በፊት ይህን በትዕግሥት አንብበው።

ዘይት ከላይ ማፍሰስ ሲጀምር የሞተሩን ጎን ይዞ ይወርዳል፤ መኪናዋ ስትሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በመሆኑም መሬት ላይ የምታየው ጠብታ ምንጩ የት እንደሆነ አይነግርህም። የቆርቆሮ ጣሪያ በአንድ የሚስማር ቀዳዳ አስገብቶ በሌላ ክፍል እንደሚያንጠባጥበው ማለት ነው። በአንተም በእኔም መኪና ላይ ባለው 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ዲስትሪቢውተሩ፣ ማለትም እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዕቃ፣ የተተከለው በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ራስ) ጫፍ፣ በካምቢዮው በኩል ነው። አንገቱ ላይ ያለችው የጎማ ቀለበት በዓመታት ሙቀት ደርቃ ስትጠነክር ዘይቱ በእሷ ዙሪያ እየሾለከ ሞተሩና ካምቢዮው እስከሚጋጠሙበት መስመር ድረስ ይወርዳል፤ ከታች ተኝቶ ለሚያይ ሰውም የኋላው ፓራውሊዮ ያፈሰሰ ይመስለዋል። አንዲት ትንሽ ቀለበት ባረጀች ስንቱ ካምቢዮ በከንቱ ወርዶ ይሆን!

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመህ ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ የባትሪውን ገመድ ፈትተህ፣ ዲስትሪቢውተሩንና የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያዎቹን በላስቲክ ሸፍነህ፣ የቀረውን የሞተር ክፍል ናፍጣ በነካ ብሩሽ እጠበውና በጨርቅ አድርቀው። በቆሸሸ ሞተር ላይ ምንጭ መፈለግ ድካም ብቻ ነው። ከዚያ በጠረጠርህበት ቦታ ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንስበት፤ ለጥቂት ጊዜ ነድተህ ስትመለስ ኮፋኖውን ከፍተህ ከላይ ወደ ታች ተመልከት፤ ዘይቱ በነጩ ላይ የሄደበትን መንገድ ራሱ ጽፎ ይጠብቅሃል። ከሥር መግባት የግድ ከሆነ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ከቶ አትግባ፤ ጠንካራ መደገፊያ አድርግለት፣ ጎማዎቹንም በድንጋይ አግዳቸው።

ምንጩ ዲስትሪቢውተሩ ሆኖ ከተገኘ፣ ከመፍታትህ በፊት ከቴስታታው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ላይ በሁለቱም ላይ የሚያልፍ ጭረት አድርግበት፤ የሞተሩ የእሳት ጊዜ የሚወሰነው በዚያ አቀማመጥ ነውና። የካንዴላ ገመዶቹንም ቁጥር ለጥፍባቸው፤ የእሳቱ ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው። ዲስትሪቢውተሩ ወጥቶ ሳለ ሞተሩን ማንም እንዳያዞረው። አዲሷን ቀለበት ትንሽ ዘይት ቀብተህ አስገባትና በጭረቱ ልክ መልሰህ ግጠመው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም መጋጠሚያውን የሚያሽገው ጎማ፣ ነው። መብራት ላይ ስትቆም የተቃጠለ ዘይት ሽታ ወደ ውስጥ የሚገባብህ ከሆነ፣ ዘይቱ በራዲያተሩ በኩል ወዳለው የጋለ የጭስ ማውጫ እየወረደ ነውና ይህን ለነገ አታሳድረው። ክዳኑን ከማንሣትህ በፊት የካንዴላዎቹ ጉድጓዶች ውስጥ ዘይት መኖሩን እይ፤ ካለ በጨርቅ ምጠጠው፣ የጉድጓዶቹንም ጎማ አብረህ ለውጥ። የድሮውን ጓርኒሲዮን ቅሪት በብረት አትፋቀው፤ አሉሚኒየሙን ትቧጭረዋለህ። የሚገናኙት ገጾች ላይ ምንም ዘይት እንዳይቀር አጽዳ፤ ሲሊኮን የሚያስፈልገው የካሙ (የሞተሩን ባልቦላዎች የሚከፍተው ዘንግ) መያዣ ከቴስታታው ጋር በሚፈጥራቸው ማዕዘኖች ላይ ብቻ ነው። ብዙ መካኒኮች ግን ዙሪያውን በሲሊኮን ይለስኑታል፤ እኔ ይህን አልወድም፤ ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ ወርዶ የዘይት ፓምፑን ማጣሪያ ሊደፍን ይችላልና። ዳዶዎቹን 6 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ማለትም በአጭር ቁልፍና በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ፣ እያቀያየርህ ቀስ በቀስ አጥብቃቸው። ያፈሰሰ ጓርኒሲዮን በማጥበቅ ብዛት አይድንም፤ ይባስ ብሎ ተጨፍልቆ ይወጣል።

ክዳኑ ላይ የምትገኘውን የሞተር መተንፈሻ ባልቦላም አውጥተህ በእጅህ ነቅንቃት፤ ውስጧ ካልተንኳኳ ተደፍናለች። መተንፈሻው ሲደፈን በሞተሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት ዘይቱን በደካማው ጎማ በኩል ያስወጣዋል፤ ይህ ሳይታይ የተለወጠ ጓርኒሲዮን ብዙ አይቆይም። ወፍራም ዘይት ጨምርበት የሚሉህንም አትስማ፤ ፍሰቱን ያዘገየው ይሆናል እንጂ የደረቀውን ጎማ አያድሰውም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ከላይ ያለው ነገር ደርቆ እያለ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል አሁንም ዘይት ከመጣ ግን መካኒክህ ልክ ነበረ ማለት ነው፤ ያንን ሥራ በግቢህ አትሞክረው፣ ለጋራዥ ተወው። እስከዚያው ድረስ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመህ ዘይቷን በየጊዜው ለካ።

ዕቃውን ሶማሌ ተራ ሄጄ እኔው እገዛልሃለሁ፤ የቀለበቷ ልክ ከዲስትሪቢውተሩ ዓይነት ጋር ስለሚለያይ ኮፋኖው ሥር ባለችው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን የሞዴልና የሻንሲ ቁጥር ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። እኅትህ ወደ ባሕር ዳር የምትመለሰው በሚቀጥለው ሳምንት ስለሆነ እስከ ዓርብ ከደረሰኝ አስይዛታለሁ።

ወንድምህ