ቁልፉን ከማዞርሽ በፊት

ሰኔ 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እንኳን ለሃያኛ ዓመት ልደትሽ አደረሰሽ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ደውዬ ልመርቅሽ አስቤ ነበር፤ ይሁን እንጂ እናትሽ ትናንት ማታ የነገረችኝ ጉዳይ በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ብዕር አነሣሁ።

ጥር ላይ እዚህ ሳለሽ የገዛሽው ጊታር፣ ሐዋሳ ከገባና ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ክሮቹ ከጣውላው እየራቁ ጣትሽን እንዳቆሰሉሽ፣ የዶርም ጓደኛሽ ወንድም ቁልፍ አውሶሽ በአንገቱ ውስጥ ያለውን፣ የክሮቹን ስበት ተቋቁሞ አንገቱን ቀጥ የሚያደርገውን ብረት ራስሽ ልታጠብቂው እንዳሰብሽ፣ ከዚያም አልፎ የኪስ ገንዘብሽን አጠራቅመሽ ከጊታሩ ዋጋ የሚበልጥ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ዕቃ) ከውጭ ልታስመጪ እንደሆነ ሰማሁ። ስለ ፒክአፑ በኋላ እመለስበታለሁ። ስለ ቁልፉ ግን ከሁሉ አስቀድሜ ልንገርሽ፦ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አታዙሪው።

ጊታርሽ መጥፎ ጊታር አይደለም፤ ማንም እንዲያንቋሽሽብሽ አትፍቀጂ። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ፌንደር ስትራቶካስተር የተባለውን የኤሌክትሪክ ጊታር መጀመሪያ ለገበያ ያወጣው በፈረንጆቹ 1954 ነው፤ ያንቺ ስኳየር ደግሞ ያንኑ ቅርጽ ይዞ ከ1982 ጀምሮ በረከሰ ዋጋ የሚሸጠው የዚያው ቤት ልጅ ነው። ክሩ ከነቱ (በአንገቱ ጫፍ ካለው የክሮቹ ማረፊያ) እስከ ብሪጁ (በአካሉ ላይ ካለው ማረፊያ) የሚዘረጋበት 648 ሚሊ ሜትር በውዱም በርካሹም አንድ ነው። ዋጋው የቀነሰው በትናንሾቹ ነገሮች ላይ ነው፤ በፕላስቲኩ ነት፣ በመቃኛዎቹ፣ በድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ፣ ከሁሉም ይበልጥ ደግሞ አንድ ሰው ተቀምጦ እያንዳንዱን ክር ሊያስተካክልበት ይገባ የነበረው ሰዓት ስለተቆጠበ ነው። ያን ሰዓት እኔና አንቺ ልንሰጠው እንችላለን፤ ገንዘብም አይጠይቀንም።

አክስትሽ ከዋሽንግተን ያመጣችውን ሁለት እሽግ ክር ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። አሁን ያለው ባለ አሥር ነው፤ የላክሁልሽ ግን ባለ ዘጠኝ ነው፤ ይኸውም ቀጭኑ 0.009፣ ወፍራሙ 0.042 ኢንች ማለት ነው። ልዩነቱ ከፀጉር ያነሰ ቢመስልሽም ለጣትሽ ትልቅ ዕረፍት ነው። ሁለተኛም ጥቅም አለው፤ ቀጭን ክር አንገቱን የሚስበው በላላ ኃይል ስለሆነ፣ በእርጥበቱ ወደ ፊት የጎበጠው አንገት ቁልፍ ሳይነካው በራሱ ጥቂት ሊቃና ይችላል። ስለዚህ ክሩን ቀይሪ፣ በሚገባ ቃኚ፣ አንድ ሌሊት አሳድሪው፣ ከዚያ ለኪ። አለካኩም እንዲህ ነው፦ ወፍራሙን ክር በአንድ እጅሽ በመጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም በተሰካው ቀጭን የብረት ዘንግ)፣ በሌላው እጅሽ አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ላይ ተጫኚና ስምንተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል የቀረውን ክፍተት እዪ። 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነ አንገቱ ደኅና ነው። መለኪያ ከሌለሽ ጋራዥ ሄደሽ መካኒኮች የሞተር ክፍተት የሚለኩበትን ስስ የብረት ቅጠል ለአምስት ደቂቃ እንዲያውሱሽ ጠይቂ፤ አይከለክሉሽም። ክፍተቱ ከዚያ ከበለጠ ብቻ፣ ልክክ ብሎ በሚገባ ቁልፍ፣ ወደ ቀኝ፣ ሩብ ዙር። ከዚያ እንደገና ቃኝተሽ እስከ ማግስቱ ትጠብቂያለሽ። ከሩብ ዙር በላይ አታዙሪ። ብረቱ የሚቋቋምሽ ከመሰለሽ ደግሞ ያኔውኑ እጅሽን አንሺ።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨቃጨቅሽ ትገረሚ ይሆናል። ቁምሳጥኑ ላይ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን የጊታር አንገት ታውቂዋለሽ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሽ አውርደሽው «ይህ ምንድን ነው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «የአጎትሽ ነው፤ ክረምት አበላሸው» አልሁሽ። አጎትሽ ያን ቀን አጠገባችን ተቀምጦ ቡናውን እየጠጣ ነበር፤ ሰማኝ፣ ዝም አለ። ልጄ፣ ክረምት አይደለም ያበላሸው። እኔ ነኝ።

ዘመኑ 1979፣ ወሩ ነሐሴ ነበር። አጎትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ይጫወት ነበር፤ በሰዓት እላፊው ምክንያት ሌሊቱን እዚያው አድሮ ጊታሩን አንጠልጥሎ ቤት ሲገባ እኔ ገና ከእንቅልፌ አልነቃም። ቀን ቀን የሮሃ ባንድን ካሴት ከፍቶ፣ ሰላም ስዩም የሚጫወታትን አንዲት ሐረግ ለመያዝ ቴፑን ሃያ ጊዜ ወደ ኋላ ይመልስ ነበር። ጃፓን ሠራሽ የሆነውን ያን ጊታር ዋጋውን በየወሩ እየከፈለ ነበር የገዛው፤ ርካሽ ጊታር ነበር፤ ለእርሱ ግን እንጀራው ነበር። ለዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ትልቅ ዝግጅት ነበራቸው። ከዚያ በፊት ለአያታችን ተዝካር ሦስት ቀን አገር ቤት ሲሄድ ጊታሩን ለእኔ አደራ ብሎ ትቶልኝ ሄደ። እኔም የ19 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ልክ እንዳንቺው ዝናቡ አንገቱን አጉብጦት ክሮቹ ከፍ ብለው ሳይ፣ ሲመለስ አስተካክዬ ላስደስተው አሰብሁ። ቁልፍ አልነበረኝም፤ በፒንሳ ያዝሁት። አንድ ዙር ሳዞረው ክሮቹ ዝቅ አሉ፤ ደስ አለኝ። ሁለተኛውን ዙር ደገምሁ። ሦስተኛው ላይ ቀጭ አለ። ከዚያ በኋላ ብረቱ አንዳች ሳይዘው በፒንሳው ውስጥ ብቻውን መሽከርከር ጀመረ፤ አንገቱም ክሮቹ እየሳቡት ዐይኔ እያየ እንደ ደጋን ጎበጠ።

አጎትሽ ሲመለስ አልጋው ላይ ተቀምጦ አውራ ጣቱን ከአንገቱ ሥር እስከ ራሱ ድረስ ቀስ አድርጎ አሳለፈው። ቀና ብሎ አየኝና «ሻይ አፍልተሃል?» አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ለዋዜማው የተዋሰ ጊታር ይዞ ተጫወተ፤ ባለቤቱ ጥቅምት ላይ መልሶ ወሰደበት፤ ለገና በእርሱ ቦታ ሌላ ጊታሪስት ቆሞ ነበር። ከዚያም ያን የዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ ያዘና በዚያው ቀረ። በ2009 በታመመ ጊዜ ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ሄድሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሲሚንቶ ዋጋና ስለ ኳስ አውርተን ተመለስሁ። በአራተኛው ሬሳውን ልቀበል ሄድሁ። ለቅሶው ላይ የ12 ዓመት ልጅ ሆነሽ እጄን ይዘሽ ቆመሽ የነበርሽው አንቺ ነሽ።

ይህን ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም። ወደ ጉዳያችን ልመለስ።

በፋሲካ ቅርጫ ከደረሰን የበሬ ቅልጥም አንዱን እናትሽ ሳትጥለው ወስጄ፣ ቅባቱ እስኪለቅቅ በሳሙና ውሃ ደጋግሜ ቀቅዬ ሁለት ወር አደረቅሁት። ጥር ላይ በለካሁት መሠረት 42 ሚሊ ሜትር ርዝመት ሰጥቼ በመጋዝ ቆርጬ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼዋለሁ፤ አሁን እንደ ጥርስ ነጭ ሆኖ ጠረጴዛዬ ላይ ይጠብቅሻል። አዲሱ ነትሽ እርሱ ነው። ፕላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ ክሩን ይነክሰዋል፤ ስትቃኚ «ጥር» እያለ ድንገት የሚዘልብሽ ለዚህ ነው። አጥንት ግን ክሩን ያንሸራትተዋል፤ ባዶ ክር ስትመቺም ድምፁ ይጠራል። መስመሮቹን ሆን ብዬ ጥልቀት አልሰጠኋቸውም፤ ጊታሩ ላይ ካልተቀመጠ ልኩ አይታወቅም፤ በሞረድ አንድ ጊዜ ካበዙበት ደግሞ ክሩ በመጀመሪያው ፍሬት ላይ ተኝቶ ይንቀጫቀጫል፣ መመለሻም የለውም። ስለዚህ ያለሽን ፕላስቲክ በሞረድ አትንኪው። እስከዚያው ለስላሳ እርሳስ ቅረጪና ጫፉን በየመስመሩ ደጋግመሽ እሺው፤ የእርሳሱ ዱቄት ክሩን ያንሸራትትልሻል።

የብሪጁን እጀታ እንደማትጠቀሚበት ነግረሽኛል። እንግዲያው ከጀርባ ያለውን ክዳን ፍቺና ሞላዎቹ የተያያዙበትን ሁለት ብሎን በካቻቢቴ እኩል እኩል እያጠበቅሽ ብሪጁ ከአካሉ ጋር እንዲገጥም አድርጊ፤ ክር ቢበጠስብሽ እንኳ ሌሎቹ ከቅኝት አይወጡም። ከዚያ በኋላ የየክሩን ድምፅ 12ኛው ፍሬት ላይ መርምሪ፤ ተጭነሽ የምትመቺው ሳትጫኚ በመንካት ብቻ ከምታወጪው ከቀጠነ የክሩን ማረፊያ ወደ ኋላ፣ ከወፈረ ወደ ፊት አድርጊ። ትዝታን ስትጫወቺ ከላይ ያሉት ድምፆች የሚሸሹብሽ ከጆሮሽ ድክመት አይደለም፤ ይህ ሳይስተካከል ቀርቶ ነው።

አሁን ስለ ፒክአፑ። አትግዢ። በርካሽ ጊታር ላይ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ሴራሚክ ማግኔት ያለው ፒክአፕ ድምፁ ጠንከር፣ ሾል ያለ ነው፤ ነገር ግን ከክሩ ያለው ርቀት ካልተስተካከለ የትኛውም ፒክአፕ አያምርም። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭነሽ በወፍራሙ ክር በኩል 2.4፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊ ሜትር እስኪሆን በብሎኑ አውርጂው፤ ከዚያ ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን ይስበውና ድምፁ ይንቀጠቀጣል። መቆጣጠሪያውን ስታዞሪ የሚንጫጫው ያረጀ እንደሆነ ባለ 250 ኪሎ ኦም ይገዛና ሬዲዮ ጠጋኝ ይበይድልሻል፤ ፒክአፕ ሳይሆን እርሱ ነው ገንዘብ የሚገባው። ማጉያው ሲሰካ ከመስመሩ የሚመጣውን እምምታ የጊታሩን ሆድ በመዳብ ወረቀት ለብጠን፣ ወረቀቱን ከመሬት ሽቦው ጋር አገናኝተን እንቀንሰዋለን፤ እርሱንም እዚህ እንሠራዋለን። ክሮቹን ስትነኪ እጅሽን ከነዘረሽ ግን ማጉያውን ወዲያው ከሶኬቱ ንቀዪ፤ ኤሌክትሪሻን ሳያየው አትመልሺው። ይህ ቀልድ አይደለም። ያጠራቀምሽውን ገንዘብ ምሳሽን ብዪበት፤ ከስተሻል ብላኛለች እናትሽ።

ይህን ሁሉ ከጻፍሁ በኋላ ከላይ ያልሁትን መልሼ አነበብሁትና ሐሳቤን ለወጥሁ። ሩብ ዙርም ቢሆን ብቻሽን አታዙሪ። ክሩን ቀይሪ፣ ለኪ፣ ልኩን ወረቀት ላይ ጽፈሽ አስቀምጪ፤ ቁልፉን ግን ለባለቤቱ መልሺለት። እኔ ልክክ የሚለውን ገዝቻለሁ። ሐምሌ ላይ ስትመጪ ክሮቹን ጥቂት አላልተሽ፣ ጊታሩን አውቶቡስ ጣራ ላይ እንዳይጭኑብሽ ጭንሽ ላይ ይዘሽው ነይ። በመስኮቱ አጠገብ እንቀመጣለን፤ የአጎትሽንም አንገት ከቁምሳጥኑ እናወርደዋለን። ቁልፉን አንቺ ትይዣለሽ፤ እኔ ባትሪ አበራልሻለሁ።

የምወድሽ አባትሽ