የአየር ንብረት ለውጥን ለጂኦግራፊ መምህር ብቻ አንተውለት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሳነሳ ተማሪዎቼ «እሱማ የጂኦግራፊ ነው» ይሉኛል። እኛ መምህራንም የምናስበው እንደዚያው ነው። ይህ ነገር መቀየር አለበት።

የራሴን ትምህርት ልውሰድ። በኛ ደጋ ማገዶው በአብዛኛው ኩበት ነው። ልጆቹ ራሳቸው ሲጠፈጥፉና ሲያደርቁ ነው ያደጉት። ስለ ቃጠሎ የማስተምር ለት ኩበቱን አነሳሁት። ኩበት ሲነድ ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። ናይትሮጅኑም አብዛኛው በጋዝ መልክ ያመልጣል። ፎስፈረስና ፖታሲየም አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። ፍጉ ማሳ ላይ ቢውል ኖሮ አፈሩን ይመግብ ነበር። ከኋላ የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣች። «ታዲያ ያቃጠልነውን ነው ዩሪያ ብለን በብር የምንገዛው?» አለች። አዎ፣ ያንኑ ናይትሮጅን ነው። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሌላ ሆነ። የማዳበሪያ ዋጋ ተነሳ፣ የእናቶቻቸው ዓይንና ጭሱ ተነሳ። እናቶችን መውቀስ አይገባም፤ ሌላ ማገዶ ከየት ያምጡ? ግን ልጆቹ ኬሚስትሪ ቤታቸው ውስጥ እንዳለ አዩ።

የፊዚክስ መምህሩ ደግሞ ውርጭ አለለት። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ለት ውርጭ እንደሚጥል የገበሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል። መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ማታ ወደ ላይ ትለቃለች። ደመና ካለ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ያስቀርላታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ይይዛል። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከ1 ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 280 ያህሉ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ይህን ከውርጩ ተነስቶ ማስረዳት ይቻላል።

ሒሳብም አይቀርም። በዞናችን «አንዲት ጥድ» በሚባለው ቦታ በ1970ዎቹ በተጀመረው የምርምር ጣቢያ ዝናቡና በጎርፍ የሚታጠበው አፈር ሲለካ ኖሯል። ወላጆች «በልግ ከዳን» ይላሉ። ዝናቡ ቀነሰ ወይስ ጊዜው ተዛባ? ይህን ከቁጥር መለየት የስታቲስቲክስ ሥራ ነው፤ መረጃውም የራሳችን አገር ነው።

ለታሪክና ለዜግነት ትምህርት የመንዝ ጓሳ፣ ሕዝቡ በጋራ የሚጠብቀው የደጋ ሳር ምድር፣ ይበቃል። ቀሮ የሚባለው የአባቶች ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ሳሩ ሲደርስ በጋራ ይታጨድ ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ተዳከመ። ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው። ይህን ሳያውቅ 12ኛ ክፍልን የሚጨርስ የመንዝ ልጅ ሲያጋጥመኝ ያናድደኛል።

ችግሩ የመምህሩ ስንፍና አይደለም። ክፍለ ጊዜው አጭር ነው፣ ምዕራፉ ማለቅ አለበት፣ ፈተና ላይ የማይመጣውን ደግሞ ተማሪው አያነብም። አዲስ የትምህርት ዓይነት ይጨመር አልልም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ትምህርት ሳይጀመር የአንድ ትምህርት ቤት የተለያዩ ትምህርቶች መምህራን አንድ ቀን አብረው ተቀምጠው ማን ምን እንደሚያነሳ ይከፋፈሉ። ፈተና አውጪዎችም የኬሚስትሪውና የፊዚክሱ ፈተና ውስጥ ከዚህ ጉዳይ ጥያቄ ያስገቡ። የዞናችን ትምህርት መምሪያ ፈቃደኛ ከሆነ የኩበቱን ትምህርት ሌሎች እንዲጠቀሙበት ጽፌ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የኬሚስትሪ መምህር፣ ሰሜን ሸዋ