ቁጥርና ቀን የሌላቸው ትዝታዎች

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድሜ፣ በመጻሕፍት ዓምዳችሁ ላይ ቢወጣልኝ የምወድደውን ይህን ደብዳቤ ልኬላችኋለሁ። ባለፈው ግንቦት የሁለቱም ዓይኖቼ ሞራ በቀዶ ሕክምና ከተነሣልኝ በኋላ ክረምቱን ያሳለፍኩት በማንበብ ነው። መጻሕፍቱን የሚያመጣልኝ በሰፈራችን የሚዞር አንድ መጽሐፍ አዟሪ ሲሆን፣ እኔ መርጬ ካስመጣኋቸው ይልቅ እሱ «ይህንን እማማ ይወዱታል» እያለ ያስቀረልኝ ይበልጣል። የእሱ ምርጫ ደግሞ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ወይ ታሪካዊ ልብ ወለድ፣ ወይ ስሙ የታወቀ ሰው የጻፈው ግለ ታሪክ። ሁለቱን እያፈራረቅሁ እስከ መስቀል ድረስ 11 መጻሕፍት ጨረስኩ። እንዲህ አፈራርቆ ማንበብ ሳይታሰብ የመጣ ቢሆንም፣ ልብ ወለዱን በግለ ታሪኩ፣ ግለ ታሪኩንም በልብ ወለዱ ዓይን እንዳየው ስላደረገኝ አዟሪውን አመሰግነዋለሁ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ 31 ዓመት የሠራሁት በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። የሚገባውን ደብዳቤ በገቢ መዝገብ፣ የሚወጣውን በወጪ መዝገብ እየመዘገብኩ፣ ቁጥርና ቀን እየሰጠሁ፣ ማኅተም እየመታሁ፣ ፋይሉን ከመደርደሪያው እየመለስኩ ኖሬአለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን ነገረኛ አንባቢ እንደሚያደርገው የገባኝ ዘንድሮ ነው። ስማቸውንም የመጽሐፋቸውንም ርእስ የማልጠቅሰው አንድ የቀድሞ ባለሥልጣን በግለ ታሪካቸው ውስጥ «ተቃውሞዬን በጽሑፍ አቅርቤ ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር አራት ቦታ ጽፈዋል። አራቱንም ቦታ በእርሳስ አስምሬበታለሁ። ደብዳቤው በስንት ቀን እንደተጻፈ፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ ለማን እንደተመራ ግን አንድም ቦታ አልተነገረም። ግልባጩስ ለማን ነበር? እኔ በሠራሁበት ዘመን ግልባጭ የሌለው ተቃውሞ አይቼ አላውቅም፤ የሚቃወም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ግልባጩን ነው።

ዋሹ ለማለት አይደለም፤ ያንን ልል የምችልበት ማስረጃ የለኝም። ከእስር ቤት ሆነው ወይም በስደት አገር ተቀምጠው፣ አንድ ቁራጭ ሰነድ በእጃቸው ሳይኖር ከአእምሯቸው ብቻ የጻፉ ሰዎች እንዳሉም አውቃለሁ፤ ለእነሱ ቁጥርና ቀን መጠየቅ ግፍ ይሆናል። ነገር ግን የአንድ ዘመን ሹማምንት የጻፏቸውን ትዝታዎች አከታትሎ ያነበበ ሰው እኔን የገጠመኝ ነገር ሳይገጥመው አይቀርም። ያ ታላቅ ጥፋት በተወሰነበት ስብሰባ ላይ ያልተቃወመ ሰው አጣሁ። እያንዳንዱ ጸሐፊ ብቻውን ተቃውሟል፣ እያንዳንዱ የሚሰማው አጥቷል፣ ውሳኔው ግን አልፏል። እጁን ያወጣው ማን እንደሆነ ሊነግረኝ የሚችል መጽሐፍ አዟሪው እስካሁን አላመጣልኝም።

በዚህ ስሜት ላይ ሳለሁ ነው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» እና የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ «ካየሁት ከማስታውሰው» ተከታትለው የደረሱኝ። ሁለቱም ስለ አንድ ጦርና ስለ አንድ መንገድ ይናገራሉ፤ አንደኛው የጦሩ አዛዥ፣ ሌላኛው በዚያው ጦር ውስጥ የዘመተ የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት። ያ ጦር በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በደምበጉና የጣሊያንን ታንኮች የማረከ፣ ብዙም ሳይቆይ በተከዜ አካባቢ የመርዝ ጋዝ የወረደበት፣ በሽሬ ከተፈታ በኋላም የተረፈው በጎጃም አድርጎ እስከ ጎሬ የዘለቀ፣ በመጨረሻም በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ የተያዘ ነው። የእህቴን ልጅ የትምህርት ቤት አትላስ ተውሼ፣ ሁለቱን መጻሕፍት ግራና ቀኝ ዘርግቼ፣ መንገዱን በእርሳስ ስከተል ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ቡናዬ ቀዝቅዞ ስንት ጊዜ እንዳሞቅሁት አልቆጠርኩም። አዛዡ የሚያስበው ስለ ወንዝ መሻገሪያ፣ ስለ ስንቅና ስለ ቀረው ጥይት ነው፤ ወጣቱ ግን ከሰልፉ መካከል ሆኖ ከጎኑ ያለውን ሰው ያያል። አንዱ የዘለለውን አንዱ ይሞላል፤ ሲለያዩም አንባቢው ራሱ ዳኛ ይሆናል። ብቸኛ ተቃዋሚዎቹን ሳነብ ያጣሁት ይህ ነበር፤ ከጎኑ የሚቆም ሌላ ምስክር ያለው ትዝታ።

መቼም ወሬ ከጀመርኩ አልቀር፣ ሐዲስ ዓለማየሁና ራስ እምሩ በግዞት የቆዩባት ፖንዛ የተባለችው ደሴት፣ ሙሶሊኒ ራሱ በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርድ ተወስዶ የታሰረባት ደሴት ናት። ይህን ልብ ወለድ ደራሲ ፈጥሮ ቢጽፈው ኖሮ «አበዛው» እንለው ነበር።

የጠቀስኩት ዓመተ ምሕረት ወደ ሌላ ቅሬታዬ ያደርሰኛል። «1935» የሚለውን ቁጥር ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳይሉ ብቻውን ቢያነቡት፣ በአንደኛው አቆጣጠር ጣሊያን አገራችንን የወረረበት ዓመት ነው፤ በሌላኛው ሙሶሊኒ የወደቀበት። ጦርነቱ የተጀመረበትና ወራሪው የተዋረደበት ጊዜ በአንድ ቁጥር ሊጻፉ ይችላሉ ማለት ነው። ውጭ አገር ተምረው ወይም በኤምባሲ ሠርተው የተመለሱ ጸሐፊዎች የልጅነታቸውን በእኛ፣ የሥራ ዘመናቸውን በፈረንጅ አቆጣጠር እየጻፉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መቼ እንደተሻገሩ ሳይናገሩ ያልፋሉ። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ደራሲው ከእናታቸው ሞት በኋላ በስምንት ዓመት «ለእናቴ ገንዘብ ላክሁ» ብለው አንብቤ ደንግጫለሁ፤ ኋላ ሳሰላው እናትየው በሕይወት ነበሩ፣ የተምታታው ዘመኑ ብቻ ነው። አርታኢ ያለው ማተሚያ ቤት ይህንን በአንድ ከሰዓት በኋላ ማስተካከል ይችል ነበር።

ከግለ ታሪኮቹ ሁሉ ቶሎ አንብቤ እንዳይጨርሰው የሳሳሁለት የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም መጽሐፍ ነው፤ ከሞቱ ከረጅም ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው። ሰውየው በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በወረራው ዋዜማ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ስለ አገራችን የቆሙ ናቸው። እኔን የያዘኝ ግን ይህ ትልቅ ትልቁ ጉዳይ አይደለም። በልጅነታቸው ከራስ መኮንን ሠራዊት ጋር ዐድዋ ዘምተው፣ ከዚያም ወደ ሩሲያ የተወሰዱበት ክፍል ነው። ሹመት የሌለበት የልጅነት ክፍል በሁሉም ግለ ታሪኮች ውስጥ ከሁሉ የተሻለው ሆኖ ያገኘሁት ለምን ይሆን ብዬ ብዙ አሰብኩ። መልሱ ቀላል ይመስለኛል፤ ስለ ልጅነቱ የሚጽፍ ሰው ራሱን የሚከላከልበት ክስ የለውም። ከሹመቱ ቀን ጀምሮ ግን ብዕሩ ጠበቃ ይሆናል።

ልብ ወለድ ጸሐፊው ይህ ጭንቀት የለበትም፤ ስለዚህም አንዳንዴ እውነቱን እሱ ይደፍራል። በዓሉ ግርማ በኤርትራ ስለተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትም የሰዎቹን ስም ለውጦ ነበር፤ አንባቢው ግን ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ለየ፣ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። በዚያ ዓመት እኔ በመዝገብ ቤቱ አዲስ ሠራተኛ ነበርኩ። መጽሐፉ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ እኔም ዘንድ ለአንድ ሌሊት ብቻ ደርሶኝ በሻማ አንብቤ ጠዋት መልሻለሁ። ስለዚያው ዘመቻ ከዚያ ወዲህ በእውነተኛ ስምና ማዕረግ ተጽፈው ካነበብኳቸው ትዝታዎች አንዱም ያንን ሌሊት አልደገመልኝም።

ይሁን እንጂ ልብ ወለዱንም ዝም ብዬ አላልፈውም። ዐፄ ቴዎድሮስ ለደራሲዎቻችን የማይነጥፍ ምንጭ ናቸው፤ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን በ1958፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን በ1961 ዓ.ም. ሰጥተውናል፤ በወጣትነቴ ያነበብኳቸውን ሁለቱን ዘንድሮ ተመልሼ በደስታ አንብቤአቸዋለሁ። የንጉሡን ዜና መዋዕል በአማርኛ የጻፉት አለቃ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም ስላሉ ደራሲዎቹ ከባዶ አልተነሡም። ችግሩ የመጣው 11ኛ ክፍል ከምትማረው የእህቴ ልጅ ነው። ለክፍል ሥራ ባዘጋጀችው ጽሑፍ፣ ንጉሡ ለእቴጌ ተዋበች በሌሊት ተናገሩት የተባለ አንድ ንግግር «ዐፄ ቴዎድሮስ እንዲህ ብለዋል» ብላ በትእምርተ ጥቅስ አስገብታዋለች። ከአንድ ልብ ወለድ የወሰደችው ነው። መምህሩም በቀይ እስክሪብቶ «በጣም ጥሩ» ብለውበታል።

«እዚያ መኝታ ቤት ማን ቁጭ ብሎ ሰማቸው?» ብዬ ብጠይቃት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «መጽሐፉ ላይ አለ እኮ፣ እትዬ» አለችኝ። ልጅቷን አልወቅስም። መጽሐፉን ከፊት እስከ ኋላ ብታገላብጠው የቱ ከዜና መዋዕሉ፣ የቱ ከአገር ወግ፣ የቱ ከደራሲው ምናብ እንደመጣ የሚነግራት አንድ መስመር አታገኝም። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በገዛ ሽጉጣቸው መሞታቸውና ተዋበችን መውደዳቸው እኩል በአንድ ድምፅ ተነግረዋታል። መውደዳቸውም እርግጥ ነው፤ የሌሊቱ ቃል ግን የደራሲው ነው።

ከታሪካዊ ልብ ወለድ አሳታሚዎች የምጠይቀው እንግዲህ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ታሪኩ ካለቀ በኋላ፣ በመጨረሻ፣ ደራሲው «እነዚህ ሰዎች በእርግጥ ነበሩ፣ እነዚህን እኔ ፈጠርኳቸው፣ ይህ ጦርነት የሆነው በዚህ ቀን ነው፣ ለትረካው ስል ይህንን አቀራርቤዋለሁ» ቢለኝ የንባቤ ደስታ ቅንጣት አይቀንስም። እንደውም ይጨምራል፤ ምን ያህል እንደፈጠረ ሳውቅ ነው ችሎታውን የማደንቀው። መጀመሪያ ላይ ይደረግ አልልም፤ መቅድም ላይ የተጻፈ እንደሆነ ማንም አያነበውም፣ ያነበበውም ምሥጢሩ ይበላሽበታል።

የድምፃውያኑና የተዋንያኑ ትዝታ ብዙ የሚያስጽፍ አልሆነልኝም። ምስጋናው ረዝሞ፣ ፎቶግራፉ በዝቶ፣ የጻፈላቸው ሰው ስም ከሽፋኑ ላይ ጠፍቶ ይመጣል። ነገር ግን በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊ ምክንያት ሙዚቀኛውም እንግዳውም ከምሽት ክበቡ ሳይወጣ በር ተዘግቶበት እስኪነጋ ድረስ ይቆይ የነበረበትን ሲያነሡ፣ ከየትኛውም የባለሥልጣን መጽሐፍ ያላገኘሁትን የዚያን ጊዜ ከተማ አይቻለሁ። ምነው እሱን ብቻ በጻፉት አሰኝቶኛል።

ወደ መጠቁም ጉዳይ ልምጣና ደብዳቤዬን ላብቃ። አዟሪው ካመጣልኝ ግለ ታሪኮች አብዛኞቹ ከ400 ገጽ በላይ ሆነው፣ ስሞችና ቦታዎች በፊደል ተራ ከነገጻቸው የሚዘረዘሩበት መጠቁም የላቸውም። አንድ ሰው የአባቱን ስም ለመፈለግ መጽሐፉን በሙሉ ማንበብ አለበት፤ አንድ ስም ሁለት ቦታ በተለያየ ፊደል ከተጻፈም ሁለት ሰው ይመስለዋል። ፋይሉ ያለ መረጃ ጠቋሚ የተቀመጠ መሥሪያ ቤት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ወረቀቱ አለ፣ ነገር ግን የለም። ስለዚህ ከላይ ስማቸውን ሳልጠቅስ ላነሣኋቸው፣ አራት ጊዜ ተቃወምኩ ላሉት ባለሥልጣን መጽሐፍ፣ እኔ ራሴ በመሥመር ደብተር ላይ መጠቁም አዘጋጅቼለታለሁ። 612 ስሞች ወጥተውታል፤ «ተቃውሞ» የሚለው ቃልም ከነገጹ ገብቷል። አሳታሚው ለሚቀጥለው እትም የሚፈልገው ከሆነ፣ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ያለ ክፍያ ልልክለት ዝግጁ መሆኔን በአክብሮት አሳውቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ